ቆጣሪው ከመለወጡ በፊት መዝገባችንን እናስተካክል

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ ንግግር)



 ለቅሶ ወይም መንገድ ሆኖባችሁ ለመምጣት ያልቻላችሁ እንድታነቡት ንግግሩን በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ለጥፈነዋል። ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁም እንድታነቡላቸው አደራ እንላለን።

የዛሬው ጉዳያችን የመብራት ቆጣሪ ነው። «ቆጣሪ የመብራት ኃይል ጉዳይ ነው እንጂ የቅሬ ጉዳይ ነው እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እውነት ነው፣ ቆጣሪውን የምንሠራውም የምንተክለውም እኛ አይደለንም። ነገር ግን ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ሁሉ፣ ይኸውም ሽቦው፣ ክፍያው፣ ክፍፍሉ፣ ጠቡም ጭምር የኛው ነው። በዚህ ዓመት ማኅበራችን ከተቀመጠባቸው የሽምግልና ጉዳዮች ውስጥ ብዙዎቹ የመብራት ሂሳብ ጠብ ነበሩ። ከነዚህም አንዱን ራሳችን ስላጠፋንበት በቅድሚያ እንናገረዋለን።

ከሰፈራችን ግቢዎች በአንዱ አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። ባለቤቱ ከፊት ለፊት ሱቅ አለው፤ ከኋላ አራት ተከራዮች ይኖራሉ። ከተከራዮቹ አንዷ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ልጆቿን የምታሳድግ እኅታችን ናት። የወሩ ሂሳብ ሲያሻቅብ የሁሉም ጣት ወደ ምጣዷ ተቀሰረ። ነገሩ ወደኛ መጣ። እኛም ሽማግሌ ሆነን ተቀመጥንና ቡናው በረካ ሳይደርስ ፈረድን። «ምጣድ ያላት ግማሹን ትክፈል፣ የቀረውን ሌሎቹ ይካፈሉ» አልን። እሷም «እናንተ ካላችሁ ምን እላለሁ» ብላ ስምንት ወር ከፈለች።

በኋላ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ወንድሟ መጣና፣ የግቢው ሰዎች ሁሉ እያዩ፣ ከዋናው ቆጣሪ ወዲህ በየቤቱ መስመር ላይ ትንንሽ ቆጣሪ አስገባ። ወሩ ሲሞላ ሁላችንም ባለንበት ተነበበ። ከጠቅላላው 400 ኪሎዋት ሰዓት ውስጥ የእሷ 90 ብቻ ሆኖ ተገኘ። የሦስቱ ተከራዮች ተደምሮ 100 ነበር። የቀረው 210 የባለቤቱ ቤትና የሱቁ ሁለት አሮጌ ማቀዝቀዣዎች ነበር። ባለቤቱ ተንኰለኛ ሰው አይደለም፤ የማቀዝቀዣው በር ጎማ ተቀዶ ሞተሩ ቀን ከሌት ሲሠራ እሱም አላወቀም። ከኪራይ እየቀነሰ ገንዘቧን መልሶላታል። በስምንቱ ወር ከልጆቿ አፍ የጎደለውን ግን ማንም አልመለሰውም። ይቅርታ ጠይቀናታል፤ ዛሬም በጉባኤ ፊት እንጠይቃታለን። ሳንለካ ፈርደናልና።

ይህን ስንል ለወቀሳ ብቻ አይደለም። አሁን በአገራችን ከርቀት የሚነበብ፣ ስማርት ቆጣሪ የሚባል መሣሪያ እየመጣ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራውን ብዙ ኃይል ከሚወስዱ ደንበኞች፣ ማለትም ከፋብሪካና ከትልልቅ ድርጅቶች ጀምሮታል። ወደ ቤት ሲመጣ «እንግዲህ ጠብ አበቃ፣ መሣሪያው ይፈርዳል» የምንል ከሆነ ተሳስተናል። መሣሪያው የሚያውቀው በእርሱ ውስጥ ያለፈውን ኃይል ብቻ ነው። ከበስተኋላው አምስት ቤተሰብ ይኑር አንድ፣ ምጣድ ይሁን የሱቅ ማቀዝቀዣ፣ አያውቅም። ያንን የምናውቀው እኛ ነን።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። መብራት ኃይል የምንለው መሥሪያ ቤት በ1948 ዓ.ም. ሲቋቋም ባለሥልጣን ነበር፣ በኋላም ኮርፖሬሽን ሆነ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን ግድቡንና ትልልቁን መስመር ይይዛል። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሲሆን ኃይሉን በየቤቱ ያከፋፍላል፣ ይሸጣል፣ ሂሳብ ይሰበስባል። እኛ ውል ያለን ከሁለተኛው ጋር ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን እያደባለቀ አቤቱታውን የማይመለከተው ዘንድ ይዞ ስለሚሄድ ነው ይህን ማንሣታችን።

ቆጣሪውም ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በውስጡ ሳህን የሚሽከረከርበት ወይም ቁጥር የሚያሳይ፣ አንባቢ እየመጣ የሚመዘግበው ነው። ሁለተኛው አስቀድሞ የሚከፈልበት፣ የካርድ ቆጣሪ የምንለው ነው፤ ሂሳቡ ሲያልቅ መብራቱ ይጠፋል። ሦስተኛው ስማርት የሚባለው ነው። ይኸኛው የቆጠረውን በውስጡ ይዞ በሞባይል ኔትወርክ ወይም በራሱ በመብራቱ ሽቦ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይልካል። መልእክትም ይቀበላል፤ ስለዚህ ሰው ሳይመጣ ከሩቅ መዝጋትም መክፈትም ይቻላል። መብራት መቼ እንደጠፋና መቼ እንደመጣም መመዝገብ ይችላል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። አንባቢ ሳይመጣ ሲቀር በግምት መክፈል፣ ወይም የሦስት ወር ፍጆታ በአንድ ጊዜ ተደምሮ መምጣት ይቀራል። ነገር ግን አንድ ነገር እንወቅ፤ ቆጣሪ በራሱ ሂሳብ አይቀንስም። የሚያሳየን የምንጠቀመውን ነው። የሚቀንሰው የተጠቃሚው እጅ ነው።

ለምሳሌ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ማለት አንድ ሺሕ ዋት የሚስብ ዕቃ አንድ ሰዓት ሲሠራ የሚወስደው ነው። የእንጀራ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል እንበል። ሁለት ሰዓት ሲሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። 9 ዋት የሆነው አዲሱ አምፖል ደግሞ በየማታው አምስት ሰዓት ቢበራ በወር አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የአንድ ጋገራ ኃይል ለአንድ አምፖል አምስት ወር ያህል ይበቃል ማለት ነው። በአምፖል ቁጥር ሂሳብ የምትከፋፈሉ ግቢዎች ይህን አስቡት። አምፖል መቁጠር ሂሳብ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። የቤት ታሪፍ በደረጃ ነው፤ ፍጆታ እየበዛ ሲሄድ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም እየጨመረ ይሄዳል። በ2011 ዓ.ም. የጀመረው ማሻሻያ እየተጨመረ ሄዶ ሲያበቃ፣ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ለአንዱ 27 ሳንቲም ገደማ ይከፍል ነበር። ከ500 በላይ የሚጠቀም ደግሞ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ይከፍል ነበር። የታችኛው ደረጃ ዋጋው ዝቅ ያለው ለድሀው ታስቦ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየጨመረ በአራት ዓመት የሚጠናቀቅ አዲስ ማሻሻያ ወጥቷል። ስለሆነም ዋጋውን ከአሮጌ ደረሰኝ ሳይሆን ከመሥሪያ ቤቱ የወቅቱ ማስታወቂያ ላይ መመልከት ያስፈልጋል።

ታዲያ ልብ በሉ። እያንዳንዳቸው በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙ አምስት ቤተሰቦች ለየብቻ ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁሉም በታችኛው ደረጃ ይከፍላሉ። በአንድ ቆጣሪ ሲሆኑ ግን 200 ይሆናል፤ ቆጣሪው እንደ አንድ ሀብታም ቤት ይቆጥራቸዋል። ለድሀ የተተወው ዋጋ ከድሀው እጅ ይወጣል ማለት ነው። ሱቅ ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ነው፤ ንግድ ቤት የራሱ ታሪፍ ያለው በመሆኑ ከቤት ቆጣሪ ላይ መጠቀሙ ባለቤቱን ራሱን ያስጠይቃል። ይህን ስማርት ቆጣሪ አያስተካክለውም፤ እንዲያውም ሳይስት፣ ሳይዘገይ በየወሩ ይቆጥረዋል። የሚያስተካክለው መለየት ነው።

የሌላውን አገር ተሞክሮም ጥቂት እንመልከት። በአንዳንድ አገሮች መብራት የሚሸጠው ብዙ ነጋዴ ነው። ሽቦው አንድ ቢሆንም ሻጩ ብዙ ነው፤ ደንበኛው እንደ ጨው ነጋዴ ይመርጣል። በእንግሊዝ አገር ስማርት ቆጣሪ የመትከሉ ሥራ ለነዚህ ሻጮች ተሰጠ። በአንድ መንገድ ላይ ለአንዱ ቤት አንዱ ኩባንያ፣ ለጎረቤቱ ሌላው ኩባንያ በሌላ ቀን ይመጣል። ይባስ ብሎ መጀመሪያ ከተተከሉት ብዙዎቹ ደንበኛው ሻጭ ሲቀይር ከአዲሱ ሻጭ ጋር መነጋገር አቃታቸውና ተራ ቆጣሪ ሆኑ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ያልቃል የተባለው ሥራ ቀኑ አልፎም አላለቀም።

በኢጣሊያ ግን ሥራውን የያዘው የሽቦው ባለቤት የሆነው ትልቁ ኩባንያ ኤኔል ነበር። በ2001 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 30 ሚሊዮን የሚጠጋ ቆጣሪ ለወጠ። መንደሩን በመንደር፣ ቤቱን በቤት ተራ ይዞ ስለሄደ ነው። በሆላንድ ደግሞ በ2009 ሁሉም ሰው በግድ ይቀበል የሚለውን ሕግ የላይኛው ምክር ቤት ሳያጸድቀው ቀረ። ምክንያቱም ቆጣሪው ሰው መቼ እንደተኛ፣ ቤቱ መቼ ባዶ እንደሆነ ሊያሳውቅ ይችላልና ምስጢሩ ይጠበቅ ተባለ።

እኛ ከዚህ ምን እንማራለን? የኛ ሻጭ አንድ ነው። ይህ በአንድ በኩል ይጠቅመናል፤ ሥራው እንደ ኢጣሊያው በሰፈር ተራ ሊሄድ ይችላል። በሌላ በኩል የእንግሊዙ ደንበኛ ቅር ሲለው ወደ ሌላ ሻጭ ይሄዳል፣ እኛ ግን የምንሄድበት የለንም። ስለዚህ ያለን ኃይል ማስረጃችንና አንድነታችን ብቻ ነው። ማስረጃ የሌለው ሰው እውነት ቢኖረውም ቢሮ ደርሶ ይመለሳል።

ማስረጃ ካልን፣ በዚህ በኩል የሰፈራችን ሁኔታ እንደሚያሳስበን አንደብቅም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢያችን በጦርነት ውስጥ በነበሩበት ጊዜ መብራት ጠፍቶ በኩራዝ መክረማችንን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ያኔ ከቤት የወጣው ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ የውል ወረቀት፣ ደረሰኝ፣ የቤት ካርታም የጠፋባቸው አሉ። ከዚህም ሌላ በሟች አባት ወይም በሟች እናት ስም እንደተመዘገቡ የቀሩ ቆጣሪዎች በየግቢው አሉ። ወራሾቹ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ጅዳ፣ አንዱ እዚህ መርሳ ናቸው። ሂሳቡ እየተከፈለ እስከሄደ ማንም አልጠየቀም። ቆጣሪ ሲለወጥ ግን «ባለውሉ ማነው?» ይባላል። ያን ቀን ከመደናገጥ ዛሬ ስሙን ማዛወር ይሻላል።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው ተወያይቶ ከዚህ በታች ያለውን ለጉባኤው ያቀርባል።

አንደኛ፣ የሰፈር መዝገብ እንከፍታለን። በቅሬ ምድባችን መሠረት በየምድቡ ሁለት ሰው፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ይመረጣል። እነርሱም በየግቢው እየዞሩ የቆጣሪውን ቁጥር፣ ውሉ በማን ስም እንደሆነ፣ ባለውሉ በሕይወት መኖሩን፣ ከቆጣሪው ኋላ ስንት ቤተሰብ እንደሚጠቀም፣ ሱቅ ወይም ወፍጮ መኖሩን ይመዘግባሉ። መዝገቡ በማኅበሩ ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። የማን ቤት ምን ያህል እንደሚጠቀም ለሌላ ሰው አይነገርም፤ የሰው ቤት ምስጢር ነው።

ሁለተኛ፣ አከራዮችን በትሕትና እንጠይቃለን። ተከራያችሁ የራሱ ቆጣሪ እንዲያወጣ ፍቀዱለት። «ቆጣሪ ካወጣ ቤቱን ይወስድብኛል» የሚል ስጋት እንዳለ እንሰማለን። ይህን ስጋት በኪራይ ውል ላይ በግልጽ በመጻፍ ማስቀረት ይቻላል፤ ማኅበሩም ምስክር ይሆናል። የራሱ ቆጣሪ እስኪወጣ ድረስ በየቤቱ መስመር ላይ ትንሽ ቆጣሪ ይግባና ሁሉም በለካው ልክ ይክፈል። ሱቅ ያለው የሱቁን ለብቻው ያስወጣ።

ሦስተኛ፣ የሟች ስም ያለባቸው ቤቶች የወራሽነት ወረቀታቸውን አዘጋጅተው ስም ያዛውሩ። ጉዳዩ ወልድያ ድረስ የሚያስኬድ ከሆነ እያንዳንዱ ለብቻው የመሳፈሪያ ከሚያወጣ፣ ስንሰበሰብ አንድ ሰው ወክለን ምን ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቆልን ይመለስ።

አራተኛ፣ ቆጣሪ ለዋጮች በመጡ ቀን እንዲህ እናድርግ። መታወቂያቸውንና የሥራ ትእዛዛቸውን በአክብሮት እንጠይቅ፤ እንግዳ ናቸውና ውኃም እናቅርብ። አሮጌው ከመነቀሉ በፊት የመጨረሻውን ቁጥር በወረቀት እንጻፍ፣ በስልክም ፎቶ እናንሣ። የአዲሱን መነሻ ቁጥርም እንዲሁ። ምጣድና ማቀዝቀዣ አስቀድሞ ይነቀል። ወረቀት ላይ የምንፈርመው ቁጥሮቹ በትክክል መጻፋቸውን ካየን በኋላ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ለብቻው አይፈርም፤ የምድቡ ተመራጭ ይጠራ። በእጅ ያለ ደረሰኝ ገንዘብ አይሰጥም። የቆጣሪው እሽግም አይነካ፤ እሱን መንካት በሕግ ያስጠይቃል፣ ለሕይወትም አደጋ ነው።

አምስተኛ፣ አቅመ ደካሞችን እናስብ። በብዙ አገር የሚሠራባቸውና ባለ 20 አኀዝ ቁጥር እየተሞላባቸው የሚሄዱ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪዎች የውስጥ ሰዓታቸው በኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. የሚያበቃ ስለነበር፣ አስቀድመው ልዩ ቁጥር ያልገባባቸው አዲስ ሂሳብ መቀበል ያቆሙ ነበር። ደቡብ አፍሪካን በመሰሉ አገሮች ይህን በየቤቱ ለማዳረስ ብዙ ተለፍቷል። ትምህርቱ ለኛም ነው፤ ማስታወቂያ በስልክና በቴሌቪዥን ሲነገር የማይሰሙ ሰዎች በመካከላችን አሉ። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን፣ ኢንሱሊን በማቀዝቀዣ የሚያስቀምጡ ሕሙማን፣ የሚያጠቡ እናቶች ያሉበት ቤት በመዝገቡ ላይ ምልክት ይደረግበት። ሂሳብ አልቆ ወይም ስሕተት ሆኖ መብራታቸው ከሩቅ ቢዘጋ የቅርብ ጎረቤት በዚያኑ ዕለት ለምድቡ ተመራጭ ያሳውቅ። ቅሬ ማለት ሰው ሲሞት ድንኳን መትከል ብቻ አይደለም።

ቅሬታ የገጠመው ሰው በመጀመሪያ ማስረጃውን ይዞ ወደ አገልግሎት መስጫው ይሂድ፤ አቤቱታውን በጽሑፍ ያስገባ፣ የገባበትን ቀንና ቁጥርም ይያዝ። በዚያ ካልተፈታ ዘርፉን የሚቆጣጠር የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን አለ። መስኮት ላይ ያለችውን ልጅ መሳደብ ግን ሂሳብ አያስተካክልም፤ እሷም እንደኛው ተቀጣሪ ናት።

ወገኖቻችን፣ ትልቁ ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ደስ ብሎናል፣ ከኪሳችንም አዋጥተንበታል። ነገር ግን የግድቡ ኃይል እያንዳንዳችን ዘንድ የሚደርሰው ግድግዳችን ላይ በተሰቀለችው ትንሽ ሣጥን በኩል ነው። እዚያ ላይ ፍትሕ ከጎደለ የዓባይ ብርሃን እንጀራ ጋጋሪዋ እኅታችን ቤት ሲደርስ ዕዳ ይሆናል።

እኛ ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም፤ የመሐንዲሱን ሥራ እናውቃለን አንልም። የጎረቤታችንን ቤት ግን እናውቃለን። ከመሐንዲሱ የሚጠበቀው ቆጣሪውን በትክክል መትከል ነው፤ ከኛ የሚጠበቀው ከቆጣሪው ኋላ ያለውን ሰው በትክክል መጻፍ ነው።

የምድብ ተመራጮች ዛሬ ከስብሰባው በኋላ ይመረጣሉ። ምዝገባው በሚቀጥለው ሳምንት ይጀመራል። እያንዳንዱ ቤት የመጨረሻውን ደረሰኝና ውሉን አዘጋጅቶ ይጠብቅ፤ የጠፋበትም አይፈር፣ መጥፋቱን ያስመዝግብ። በግቢያችሁ የሂሳብ ጠብ ካለ ከእንግዲህ እኛ ዘንድ ስትመጡ መጀመሪያ የምንጠይቃችሁ «ተለክቷል ወይ?» ብለን ነው። ሳይለካ አንፈርድም፤ አንድ ጊዜ ፈርደን አይተነዋል።

በተረፈ ሰላማችንን ያብዛልን፣ ለአገራችን ምሕረቱን ያውርድልን። አሚን፣ አሜን።



የማኅበሩ ጸሐፊ
መርሳ፣ ሀብሩ